አጥንት ቆጣሪዋና አሜሪካዊው

አሰላ ውስጥ ልጁን ሊድር የተነሣ ሰው፣ ቢያንስ የእኛ ወገን የሆነው፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ወደ እኔ ቤት ይመጣ ነበር። ሠላሳ ምናምን ዓመት ታሪክ ስላስተማርኩ እንዳይመስላችሁ፤ ለዚያኛው ታሪክ ብሎ ደጄን የረገጠ ሰው የለም። የሚመጡት አጥንት ስለምቆጥር ነው። የማን አያት ከየት እንደመጣ፣ ማንን እንዳገባ፣ ከማን እንደወለደ፣ በእነማን ቤት ምን እንደተባለ ከአባቴ ተምሬዋለሁ። የአባቴን መሬት መንግሥት ወሰደው፤ ወሬውን የሚወስድ ስላልመጣ እሱ ለእኔ ቀረ።

የእኛ ወገን የምለው ቅድመ አያቶቻቸው ከሸዋ ወርደው እዚህ የሰፈሩትን ነው። ሲመጡ መሬቱ ላይ ሰው ነበረበት። እኔ ግን እሱን አልመዘግብም፤ የምመዘግበው የመጡት ሰዎች እርስ በርሳቸው ማን ከማን እንደሚበልጥ ነው። ለዚህ የሚሆን ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አለኝ፤ ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት።

በወጉ ከሆነ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። እንዲህ ሲባል ደስ ይላል፣ ቅዱስ ነገር ይመስላል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን፣ «ዘመድ እንዳይሆኑ ብዬ ነው» እያለ ከመጣው ሰው ሁሉ ዘመድነቱ የምር ያስጨነቀው አምስት አይሞላም። ሌላው ሻዩን ፉት ይላል፣ በሩ መዘጋቱን ዞር ብሎ ያያል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ከዚያ «ማለቴ… እንትን አይደሉም አይደል?» ይላል። እንትን ምንድን ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ጠያቂውም እኔም እናውቀዋለን። ከአያት ከቅድመ አያት መካከል በገንዘብ የተገዛ ሰው አለ ወይ ማለት ነው። እኔ ደብተሬን ገልጬ አለ ወይም የለም እላለሁ፤ ሰውየውም በእኔ አንድ ቃል ወይ ይድራል ወይ ይተዋል።

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ የከተማው የንባብ ክበብ ሰብሳቢ የሆነች አንዲት ትሑት ወጣት ቤቴ መጥታ፣ ስለ አንድ አሜሪካዊ ጥቁር የመብት ታጋይ ንግግር እንዳደርግላቸው ለመነችኝ። የሰውየውን ስም እዚህ አልጠራም። ዛሬም ስሙ ሲነሣ ሰው ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ነፃ አውጪ ይለዋል፣ ግማሹ ጥላቻ ሰባኪ። እኔ ከሁለቱም ወገን አልነበርኩም፤ ምክንያቱም ማን እንደሆነ በቅጡ አላውቅም ነበር። ጡረታ የወጣ መምህር ግን አላውቅም አይልም። «ሁለት ወር ስጡኝ፣ ጥልቅ ነገር ነው» አልኳት።

በዚያን ጊዜ ስለ ዘረኝነት የነበረኝ አቋም አጭርና ምቹ ነበር፤ የፈረንጅ በሽታ ነው፣ እኛ ጋ የለም። ከየት ይመጣል? እኛ ሁላችን አንድ ነን። ማለትም አንዱ ቀይ ነው፣ አንዱ ብስል ቀይ ነው፣ አንዱ ቀይ ዳማ ነው፣ አንዱ ጠይም ነው፤ ከጠይም በታች ያለውን ስንጠራ ብቻ ድምፃችንን ትንሽ ዝቅ እናደርጋለን። ክፍል ውስጥ አንዱን ጠቆር ያለ ተማሪዬን ጓደኞቹ በዚያች ቃል ሲጠሩት «ተዉ፣ ነውር ነው» እላቸው ነበር፤ እየሳቅኩ። «ነውር ነው» ማለቴን ለብዙ ዓመት ስኮራበት ኖሬያለሁ። መሳቄ ትዝ ያለኝ ገና አሁን ነው።

መጻሕፍቱን የክበቡ ወጣቶች ስልኬ ላይ ጫኑልኝ። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ መነጽሬን ሰክቼ፣ በረንዳዬ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ ማንበብ ጀመርኩ። ሰውየው አፍ አለው። ነጮቹን አይለማመጥ፣ አይፈራ፣ ቃሉን አያለዝብ። የሚያወርድባቸውን መዓት እያነበብኩ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እኔን ነጭ በሕይወቴ የበደለኝ አንድ ጊዜ ነው፤ ወጣት ሳለሁ አንድ ፈረንጅ ጎብኚ ሳያስፈቅድ ፎቶ አንሥቶኛል። ይህቺን ይዤ ከሰውየው ጎን ተሰለፍኩ። ንዴት ሲይዘኝ ደግሞ ጮክ ብዬ ማንበብ ልማዴ ነው፤ እየተረጎምኩ፣ እጄን እያወናጨፍኩ አነብ ነበር።

ጎረቤቴ ሐጂ አጥሩን ተደግፈው ይሰሙኛል። ሐጂ የአገሬው ሰው ናቸው፣ ከኢተያ ስንዴ እያመጡ የሚነግዱ፣ ጆሯቸው የማይደክም ሽማግሌ።

«መምህር» አሉኝ አንድ ቀን «ይኼ ሰውዬ ማንን ነው እንዲህ የሚያወርደው?»

«ነጮቹን ነዋ፣ ሐጂ።»

«ምን አደረጉት?»

«በአያቱ ነው የሚለኩት። አያቶቹ የተገዙ ስለሆኑ ልጃቸውን አይድሩለትም፣ አብረውት ማዕድ አይቀርቡም፣ ሲያልፍ ይንሾካሾካሉ። የሚያስቆጣ ነገር እኮ ነው። እርስዎ ቢሆኑ ዝም ይላሉ?»

ሐጂ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። «ሰውዬው የሚኖረው አሜሪካ ነው ወይስ እዚህ ቀበሌ?» አሉ።

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«አልዋሽም፣ እኛም ጋ አለ» አሉ። «እኛም ጎሳ እንቆጥራለን። ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ማረሻውን እንገዛዋለን እንጂ ልጃችንን አንሰጠውም። ረቢ ይቅር ይበለን። ግን እኛ ስለ አሜሪካ ንግግር አናደርግም።»

ሦስት ቀን አኮረፍኳቸው። ሰላምታቸውን እንኳ በአፌ ጫፍ ነበር የምመልሰው። ምን አገባቸው? እኔ ጥናት ላይ ነኝ።

ጥናቱ በሁለተኛው ወር ተበላሸብኝ። ሰውየው፣ ያ የእኔ ጀግና፣ ተነሥቶ ነጮችን በጅምላ መፈረጄ ስህተት ነበር ብሎ አረፈው። ያውም በአደባባይ፣ ያጨበጭቡለት በነበሩት ሰዎች ፊት። ወዳጅ አጣበት፣ ጠላት አተረፈበት። እኔ ደግሞ ተናደድኩበት። ምን አስቸኮለው? እኛ አገር ሰው ሲሳሳት ድምፁን አጥፍቶ አቋሙን ቀስ እያለ ያዞራል፤ ጥቂት ቆይቶ «እኔ ድሮም እንዲህ ነበር የምለው» ይላል። በዚህ መንገድ ሦስት መንግሥት የተሻገሩ ሰዎች ይህቺው ከተማ ውስጥ አውቃለሁ፤ ሁሉም ጤነኞች ናቸው።

ከዚያ ደግሞ ነጮቹ ሰው እንዴት ይቆጥሩ እንደነበር አነበብኩ። አንድ ጥቁር አያት ያለው ሰው፣ ፊቱ የፈለገውን ያህል ቢነጣ፣ ጥቁር ነው ይሉ ነበር። «እንዴት ያሉ ዕብዶች ናቸው፣ በአንድ አያት?» ብዬ ስልኩን አስቀመጥኩ። ሳስቀምጠው ደብተሬ ትዝ አለኝ። እኔ እስከ ሰባት ቤት ነው የምወርደው። ነጮቹ ከእኔ ጋር ሲተያዩ ሰነፎች ነበሩ።

ተነሥቼ ደብተሩን ከቁም ሣጥን አወጣሁ። የፈለግኩትን ገጽ ለማግኘት አልተቸገርኩም።

ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ታናሽ ወንድሜ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ጸሐፊ የነበረችን ልጅ ወደደ። ቀለበት ሁሉ አስረዋል። ልጅቷ ረጋ ያለች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ነበረች፤ እወዳት ነበር። ስለምወዳት ሥራዬን በጥንቃቄ ሠራሁት። የእናቷ ወገኖች ከጎበሳ በኩል ነበሩና ጎበሳ ድረስ በአውቶቡስ ሄጄ፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ ባልቴት ቤት ገብቼ፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር አስቀምጬ ጠየቅኋቸው። ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልፈጀባቸውም። «የእናቷ እናት? ያቺ ባላባቱ ቤት የነበረችው፣ የተገዛችው አይደለችም እንዴ? ሕፃን ሆና ነው ያመጧት» አሉኝ። ከየት እንዳመጧት አልጠየቅኩም። ማን አመጣት፣ እናቷስ የት ቀረች አላልኩም። የመጣሁበትን አግኝቻለሁ። ደብተሬ ላይ ስም በሚጻፍበት ቦታ ሰረዝ አደረግኩ፤ ከጎኑ «የተገዛች» ብዬ ጻፍኩ።

ወንድሜ ስነግረው ሁለት ቀን ተኝቶ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ተነሥቶ «እሺ» አለ። ጥፋቱን ብቻዬን አልሸከምለትም፤ እሺ ያለው እሱ ነው። ለልጅቷ የነገርኳት ግን እኔ ነኝ። «በእናንተ በኩል ቅር ያለን ነገር የለም፣ ጊዜው ነው ያልተመቸው» አልኳት። ፊቴን አየችኝ። ቀለበቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ ሻዩን ስላልጠጣችው ይቅርታ ጠይቃ ወጣች። ወንድሜን እኔው ራሴ ሰባት ቤት ላጣራኋት ልጅ ዳርኩት። በሦስተኛው ዓመት ፍርድ ቤት ቆመው ተፋቱ። የልጅቷን አጥንት እንጂ የእሱን ጠባይ አላጣራሁም ነበር።

ያቺኛዋ ሥራውን ለቀቀች፣ ስፌት ተማረች፣ ሌላ ሰው አግብታ አንዲት ሴት ልጅ ወለደች፣ ባሏ ሞተባት። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋበት ሱቅ ከፈተች፤ ቤቷም ከሱቁ ጀርባ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼ የእሷን ስፌት ለብሰው ፊቴ ተቀምጠዋል። እኔ ግን በደጇ አላልፍም። በባጃጅ ዙሪያ ጥምጥም እሄዳለሁ፤ ቀሚስ የማሳጥረው አዳማ ነው። ለምን ቢሉኝ የአዳማ ሰፊ እጁ ጥሩ ነው እላለሁ።

ንግግሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንዲት የማኅበር ጓደኛዬ መጣች። ልጇ ሊያገባ ነው፤ ከንግግሩ ሳምንት በኋላ ባለው እሑድ ሽማግሌ ሊልኩ ቀን ቆርጠዋል። ልጅቷ ማን ናት ብላት የልብስ ሰፊዋ ልጅ ናት አለችኝ። ባንክ ቤት የምትሠራ፣ ጨዋ፣ የታረመች ልጅ ናት፤ ልጄ ካለሷ አይሆንልኝም ብሏል አለች። ከዚያ ሻዩን ፉት አለች፣ በሩን አየች።

«ማለቴ… እንትን አይደሉም አይደል?»

የሰውየው ንግግር ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። «ይህን ሥራ ትቻለሁ» አልኩ። «ከእንግዲህ የማንንም አጥንት አልቆጥርም።»

«ተውሽ?»

«ተውኩ።»

ብዙ ጊዜ አየችኝ። ሻዩን ሳትጨርስ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። «ገባኝ» አለች። «ገባኝ መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ።» እስከ በሩ ሸኘኋትና ተመልሼ ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ። አንድ ሰው ለወጥኩ ብዬ አሰብኩ። ያን ቀን ሐጂን ሳይቀር ቀድሜ ሰላም አልኳቸው።

የንግግሩ ቀን ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። አዳራሹ ግጥም ብሏል፤ ወንበር ያጣው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የማኅበር ጓደኛዬ ከባሏ ጋር መጥታ ከፊት ተቀምጣለች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ወጣት ማስታወሻ እየያዘች ነበር፤ እንዴት ያለች ትጉህ አድማጭ ናት ብዬ ዓይኔን ጣል አደረግኩባት። ስለ ሰውየው አንድ ሰዓት ተናገርኩ። ነጮቹን አብጠለጠልኳቸው፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። ማጨብጨቡ ደግሞ ሞቅ ያደርጋል። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ሁላችን ደስ ብሎን፣ ነጮችን እየወቀስን ወደየቤታችን እንገባ ነበር።

አላቆምኩም። ሰውየው በአደባባይ ተሳስቻለሁ ብሏል፣ እኔስ ከማን አንሼ? የተጻፈ ወረቀቴን አጠፍኩ። «እኔም የምናዘዘው አለኝ» አልኩ። ስለ ደብተሬ ነገርኳቸው። ስለ ወንድሜ፣ ስለ ጸሐፊዋ፣ ስለ ጎበሳዋ ባልቴት፣ ስለ ግማሽ ኪሎው ስኳር፣ ስለ ተገዛችው አያት አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። የልጅቷን ስም አልጠራሁም፤ ጨዋ ነኛ። ዛሬ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች በላቧ የምታድር ምስጉን ሴት ናት ብቻ አልኩ። ከመናኸሪያው በታች ዩኒፎርም የሚሰፋ ሰው አንድ ነው። ይህን አሰላ ውስጥ ልጅ ትምህርት ቤት የላከ ሁሉ ያውቃል። ድምፄ ተሰበረ፣ እንባዬ መጣ፣ እኔ ሳለቅስ ሌሎችም አለቀሱ። ቆመው አጨበጨቡልኝ። በሠላሳ ምናምን ዓመት ማስተማር ያን ያህል ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። ስወጣ ሰውነቴ ቅልል አለኝ፤ ማታ ራት ሁለት ጊዜ በላሁ።

ማክሰኞ ጠዋት የማኅበር ጓደኛዬ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ አንድ ኪሎ የገጠር ቅቤ ይዛ መጣች።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«ምን አላት፣ ለምስጋና ነው እንጂ» አለች። «አንቺ ባትኖሪ ጉድ ሆነን ነበር። ያኔ ስትነግሪኝ ለእኔ ገብቶኛል፤ የልጁ አባት ነው አላምን ብሎ ያስቸገረኝ። ቅዳሜ ግን በገዛ ጆሮው ሰማ።»

«ምን ብዬ ነገርኩሽ?»

«ትቻለሁ አላልሽም እንዴ? ንጹሕ ቢሆኑማ ንጹሕ ናቸው ትዪኝ ነበር፤ ምን ያስተውሻል?»

እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ንጹሖቹን ንጹሕ ብዬ ስናገር፣ ዝም ስል ሰው ምን እንደሚሰማ ረስቼዋለሁ። «ያን ሁሉ የተናገርኩት እኮ ስህተት መሆኑን ለማሳየት ነው» አልኳት።

«እሱማ ግሩም አድርገሽ ተናገርሽ። አስለቀስሽኝ። ነጮቹ ያደረጉት ነገር ለካ እንደዚያ ነው።»

«ለሰዎቹ ምን አላችኋቸው?»

«ምን እንላለን? ቅር ያለን ነገር የለም፣ ጊዜው ነው ያልተመቸው ብለን ላክን።»

«ልጅሽስ?»

«ከትናንት ጀምሮ ተኝቷል። ይነሣል» አለች። ቅቤውን ወጥ ቤት ራሷ ገብታ አስቀመጠችልኝ።

ከሄደች በኋላ ቤቱ ውስጥ ስዞር ቆየሁ። ልክደው አሰብኩ፤ ደውዬ ባልቴቷ የነገሩኝ ስለ ሌላ ሰው ኖሯል፣ ተሳስቼ ነው፣ እነዚህ ሰዎች ንጹሕ ናቸው ልላት ስልኩን አንሥቼ ነበር። ንጹሕ የምትለዋን ቃል በአፌ ውስጥ ሳዘጋጃት አስጠላችኝና ስልኩን አስቀመጥኩ። ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። ባጃጅ አልያዝኩም፤ በእግሬ፣ በዋናው መንገድ፣ የጋሪ ፈረሶቹ በሚቆሙበት በኩል ወረድኩ።

ልብስ ሰፊዋ መኪናዋ ላይ ነበረች፤ ሰማያዊ የተማሪ ሸሚዝ እየሰፋች። ስታየኝ እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሣች። ፀጉሯ ገብስማ ሆኗል። ተነሥታ ወንበር በእጇ ጠረግ አድርጋ «ይቀመጡ መምህር» አለችኝ። ወንበሩ ላይ ቂብ አልኩ። እየመጣሁ መንገድ ላይ ያሳመርኩት ንግግር ነበረኝ፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንደተናገርኩ እጇን አነሣችብኝ።

«ይቅርታ ሊጠይቁኝ ነው የመጡት?»

«አዎ።»

«ቅዳሜስ ምን ሲያደርጉ ነበር?»

«ያኔም ይቅርታ ነው የጠየቅኩት። በሕዝብ ፊት።»

«ሕዝቡን ነው የጠየቁት» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «የተበደልኩት እኔ፣ ያጨበጨበልዎት እሱ። እስከ ቅዳሜ ድረስ ይህን ነገር የምናውቀው የእርስዎ ቤትና እኔ ነበርን። ለከተማው ሁሉ ሲነግሩ ልናገር ወይ ብለው አንድ ቀን በዚህ በር ገብተዋል?»

አልገባሁም ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አልገባሁም።

«ሽማግሌ የፊታችን እሑድ ይመጣ ነበር» አለች። «እሱስ ይቅር፤ በቅድመ አያቷ የሚተዋት ሰው ቢቀር ይሻላታል። የሚያበሳጨኝ ልጄ ከእኔ አለመስማቷ ነው። ከማግባቷ በፊት እኔ ራሴ ልነግራት፣ አስቀምጬ፣ እጇን ይዤ፣ አያቴ እንዴት ያለች ሰው እንደነበረች ልነግራት ጊዜ ስመርጥ ነበር። እርስዎ በማይክራፎን ነገሩልኝ።»

እኔ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ የምናገር ሴትዮ፣ ተሳስቻለሁ የምትል ቃል እንኳ አልወጣልኝም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ እንዴት ቀልላኝ ነበር። ለልጅቷ የሚደረግላት ነገር ካለ ልሞክር እላለሁ ብዬ የሆነ ነገር አጉተመተምኩ። «ምንም አያድርጉ» አለችኝ፤ «ምንም ባያደርጉ ነው የሚሻለን።» ከዚያ፣ እንግዳ ነኝና፣ ሻይ ላፍላልዎት ወይ አለችኝ። አይ አልኩና ተነሣሁ።

በሩ ላይ ልጇ ስትገባ ተገናኘን። የባንክ ቤት ልብሷን ለብሳለች። አወቅኳት፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ስትጽፍ የነበረችው ናት። ዓይኗ አብጧል። ቢሆንም ጎንበስ ብላ «እንዴት ዋሉ መምህር?» አለችኝ፤ እናቷ እንዳሳደገቻት።

«ደህና ነኝ ልጄ» አልኳት። ልጄ የማለት መብት ማን እንደሰጠኝ አላውቅም።

ላልፍ ስል «መምህር፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ» አለችኝ። «ቅዳሜ ዕለት እጄን ላወጣ ብዬ ፈራሁ። ስለዚያች ቅድመ አያቴ ሲናገሩ ሁሉንም ጽፌ ነበር። የተገዛችው፣ ያመጧት፣ የባላባቱ ቤት የነበረችው እያሉ ነበር። ስሟን ግን አልጠሩትም። ስሟ ማን ነበር?»

የስንቱን ሰው ሰባት ቤት በቃሌ የምወርድ ሴት ነኝ። ከተማው ውስጥ የሌለውን ሰው እንኳ የአያት የቅድመ አያት ስም ብትጠይቀኝ ሳልተነፍስ እነግራታለሁ። ደብተሬ ላይ ያለችው ያቺ ሰረዝ ትዝ አለችኝ።

«አላውቀውም» አልኳት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል ይህን ቃል ለወጣት የተናገርኩት።

እናቷ ከስፌት መኪናው ጀርባ፣ ቀና ሳትል፣ ስሙን ጠራችው። ልጅቷ ወደ ውስጥ ዞራ፣ ትክክል መያዟን ለማወቅ ይመስላል፣ ቀስ ብላ ደገመችው። «እንደዚያ ነው» አለቻት እናቷ። የኛ ስም አይደለም፤ በእኔ አፍ በቅጡ እንኳ የማይወጣ የሩቅ አገር ስም ነው። ልጅቷ ቦርሳዋን አስቀምጣ ከእናቷ አጠገብ ወንበር ሳበች። እኔ በሩን ቀስ አድርጌ ዘግቼ ወጣሁ።

ሽማግሌ አልመጣም። ቅቤውን መልሼ ሰድጄዋለሁ፤ ጓደኛዬ እስከ ዛሬ ምን እንዳስቀየመኝ ሰው ትጠይቃለች። ይህን ጽሑፍ ከማንም በፊት ያነበበችው ልጅቷ ናት፤ ሁለት ቦታ ሰርዛልኝ፣ ሌላውን ይሁን ብላኛለች። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ደብተሩን ገልጬ ነበር፤ ሰረዟ ላይ ስሙን ልጽፍበት እስክሪብቶ ሁሉ ይዤ። ከዚያ ይህ ስም እንደዚህ ያለ ደብተር ውስጥ ምን ይሠራል ብዬ ተውኩት። እዚህም አልጽፈውም፤ እኔ አውቄ የማልናገረው ነገር አንድ እንኳ ይኑር።